የልብ አብሌሽን ለምታስቡ ጥቆማ፣ ለዶክተራችንና ለሲስተር ደግሞ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ፖስት ለመጻፍ ሁለት ወር ሙሉ ጠብቄያለሁ፣ ለምን እንደጠበቅኩ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ሲስተር ራሷ "ስሜን እንዳታወጪ" ብላ አስጠንቅቃኛለች፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ።

እማዬ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የልብ ምት መዛባት አለባት፣ ሲነሳባት "ደረቴ ውስጥ ወፍ የገባ ነው የሚመስለኝ" ትላለች። መድሀኒቱ ተቀያየረ፣ መጠኑ ተጨመረ ተቀነሰ፣ አልሆነም፣ በመጨረሻ አብሌሽን፣ ማለትም ምቱን የሚረብሸውን ቦታ ማቃጠል ወይ ማቀዝቀዝ፣ ይሰራላት ተባለ። እኔ የምፈራው ልቧን ብቻ ነበር። ዶክተሩ ጋ ገብተን ገና ሳንደላደል ግን ወረቀት ሳብ አርገው መሳል የጀመሩት ከልቧ ጀርባ ያለውን ነው። "እናቴ፣ ልብዎ ጎረቤት አላት፣ እኔ የምጠነቀቀው ለጎረቤቶቿም ነው" አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምቱን የሚረብሸው ነገር ባብዛኛው ከሳንባ ወደ ልብ ከሚገቡት ደም ስሮች አፍ አካባቢ ነው የሚነሳው፣ ይሄን እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ሐኪሞች ናቸው ያሳዩት፣ ስለዚህ አብሌሽን ማለት በዛ አፍ ዙሪያ ያለውን ስጋ ሲግናል እንዳያሳልፍ ማድረግ ነው። ችግሩ እነዚህ ደም ስሮች የሚገቡበት የግራ ኤትሪየም (የልብ የላይኛው ግራ ክፍል) የጀርባ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከኋላው ደግሞ የምግብ ቧንቧ ልጥፍ ብሎ ይወርዳል፣ በቀኝ በኩል ድያፍራምን (የምንተነፍስበትን ጡንቻ) የሚያዘው ፍሬኒክ ነርቭ ያልፋል። ሬድዮ ፍሪኩዌንሲ የሚባለው ዘዴ ሲያቃጥል ሙቀቱ፣ ክራዮ ባሉን የሚባለው ደግሞ ሲያቀዘቅዝ ቅዝቃዜው ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቀጥ አይልም፣ ወደ ጎረቤት ያልፋል።

ከሁሉ የሚከፋው የምግብ ቧንቧው ቆስሎ ቆስሎ ወደ ልብ ቀዳዳ ሲከፍት ነው። ፊስቱላ ይሉታል፣ እኛ ፊስቱላ ሲባል የምናውቀው የወሊዱን ነው እንጂ እንዲህም አለ ለካ። ዶክተሩ አልደበቁንም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ከ35 አገር የተሰበሰበ ጥናት ነገሩን፣ ከ550 ሺህ በላይ አብሌሽን ታይቶ 138 ሰው ላይ ነው የተገኘው፣ በሬድዮ ፍሪኩዌንሲ ከ100 ሺህ ወደ 38፣ በክራዮ ደግሞ ከ100 ሺህ ሁለት እንኳን አይሞላም። ግን ከደረሰባቸው ውስጥ ከግማሽ በላይ ሞተዋል። እማዬ ይሄን ሰምታ ዝም አለችና "ታዲያ ዶክተር ደህናው የቱ ነው?" አለች፣ እሳቸውም "ሁሉም የራሱ ጣጣ አለው እናቴ" አሉ።

እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን አዲሱን ፐልስድ ፊልድ የሚባል የአብሌሽን ዘዴ አነሳሁ፣ የአሜሪካው መድሀኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የመጀመሪያውን በ2023 ዲሴምበር ነው ያጸደቀው። እሱ በሙቀት አይደለም የሚሰራው፣ በጣም አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች እየላከ የሴሉን ሽፋን ይበሳሳል፣ የልብ ጡንቻ ደግሞ ከነርቭና ከምግብ ቧንቧ ቀድሞ ስለሚሸነፍ ጎረቤቶቹ የመትረፍ እድላቸው ይሻላል። ጥሩ ነው፣ ግን ኦንላይን ላይ "ምንም ጉዳት የለውም" የሚሉትን አትስሙ፣ ኮሮነሪ (ልብን ራሱን የሚመግበው ደም ስር) አጠገብ ሲሰራ ደም ስሩ ሊኮማተር ይችላል፣ ምቱ ሲበዛም ቀይ የደም ሴል እየፈረሰ ኩላሊት ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ለእማዬ ክራዮ የተመረጠው እሳቸው ለአመታት የሰሩበት፣ እጃቸው የለመደው እሱ ስለሆነ ነው፣ ይሄንንም በግልጽ ነው የነገሩን።

የክራዮ ደካማ ጎኑ ፍሬኒክ ነርቩ ነው፣ ሲስተር የምትገባው እዚህ ጋ ነው። በስራው ሰአት ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ ደጋግመው ይቀሰቅሱታል፣ በየቅስቀሳው ድያፍራሙ እንደ ስቅታ ይዘላል፣ አንድ ሰው እጁን ከቀኝ ጎድን አጥንት ስር አርጎ ያንን ዝላይ እየቆጠረ ይቆማል። ያ ሰው እሷ ናት። ያ ሁሉ ማሽን ባለበት ክፍል የሰው መዳፍ ይታመናል ብዬ አላስብም ነበር፣ እማዬን ወደ ክፍሏ ሲያስገቧት ሲስተር የራሷን ጎን ጫን አርጋ "እዚህ ጋ ነው፣ ጠንካራ ከነበረ ለስለስ ሲል እጅ ያውቀዋል" ብላ አሳየችኝ። በቀኝ በኩል የላይኛው ደም ስር ላይ እያሉ ዝላዩ ደከም አለባት፣ "አቁሙ!" አለች፣ ዶክተሩ ወዲያው ማቀዝቀዙን አቁመው ባሉኑን አስተነፈሱት፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ዝላዩ ተመለሰ። ዝም ብትል ኖሮ እማዬ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ወራት ታሳልፍ ነበር ይሆናል፣ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ይድናሉ ቢባልም። የምግብ ቧንቧዋ ውስጥም ቴርሞሜትር ነበር፣ ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ እንዲያቆሙ።

ከዛ ስንወጣ ሲስተር አንድ ወረቀት ሰጠችን፣ በትልቁ በእጅ የተጻፈ፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። "እስከ 2 ወር፦ ትኩሳት፣ ሲውጡ ህመም፣ የደረት ህመም፣ ምላስ መተሳሰር፣ አንድ ጎን መዛል ካለ ይደውሉ። አብሌሽን መሰራታቸውን ለማንኛውም ሐኪም ይናገሩ። ኢንዶስኮፒ አይደረግ፣ የደረት ሲቲ ይነሳ።" ኢንዶስኮፒ ማለት ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ማስገባት ነው። ለጨጓራ አሲድ ኦሜፕራዞልም ታዞላታል፣ እሱን ሳታቋርጥ እየወሰደች ነው።

በ17ኛው ቀን እማዬ 38.6 ትኩሳት፣ ምራቅ ስትውጥ ደግሞ ያማታል። የወሰድናት ቦታ ስሙን አልጠራም፣ "ጉንፋን ነው፣ የጉሮሮዋን ነገር ለማየት ነገ ጠዋት ኢንዶስኮፒ እናድርግ" አሉን። አብሌሽን መሰራቷን ስነግራቸው "እሱ እኮ ልብ ነው፣ ይሄ ጉሮሮ ነው" አለኝ አንዱ። እኔ ብቻዬን ብሆን እሺ ብዬ ነበር፣ ወረቀቱ ነው ያስቆመኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰአት ላይ ለሲስተር ደወልኩ። አነሳች። "ስንተኛ ቀኗ ነው?" አለች መጀመሪያ፣ ስነግራት "እህቴ ስሚኝ፣ ምንም አትብላ ምንም አትጠጣ፣ አሁኑኑ ሲቲ ያለበት ውሰጃት፣ ኢንዶስኮፒ እንዳያስገቡ፣ አየር ይነፉበታል፣ ቀዳዳ ካለ አየሩ በልብ በኩል ጭንቅላቷ ጋ ይደርሳል" አለችኝ፣ ከዛ እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እሷ ከዶክተሩ ጋር ተደዋውላ ሲቲ ያለበት ቦታ ላሉት ሐኪሞች ራሷ አስረዳቻቸው። ለካ የፊስቱላው ምልክት ባብዛኛው በዛ ሳምንት አካባቢ ነው የሚመጣው፣ እስከ ሁለት ወርም ሊዘገይ ይችላል።

ሲቲው ንጹህ ነበር፣ ተመስገን። ተራ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው፣ አንቲባዮቲክ ወስዳ ተሻላት። "በከንቱ አስቸገርኩሽ" ብላት ተቆጣችኝ፣ "በከንቱ ብትደውይልኝ ነው የምወደው" አለች።

እና ጥቆማዬ፣ አብሌሽን ለምታስቡ ወይ ዘመድ ለምታሰሩ፣ ዶክተሩን ስንት ልብ ሰርተሃል ብቻ ብላችሁ አትለፉ። የምግብ ቧንቧውን እንዴት ነው የምትጠብቁት በሉ፣ ፍሬኒክ ነርቩን ማን ነው የሚከታተለው በሉ፣ ሌሊት ትኩሳት ቢነሳ ለማን ነው የምደውለው በሉ። የኛዎቹ ሳንጠይቃቸው ነው የነገሩን፣ ለዛ ነው የምጠቁማቸው።

ትናንት 60ኛ ቀኗ አለፈ፣ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ላነሳው ስል እማዬ "ተይው፣ የልጅቷ እጅ ጽሁፍ ነው" አለችኝ። ኢንቦክስ ያደረጋችሁ ቶሎ ካልመለስኩ ታገሱኝ፣ ነገ የክትትል ቀጠሮ አለን።