ለዴንታል ሃይጂኒስት፦ ኦንላይን ወይስ በአካል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴንታል ሃይጂኒስት (የጥርስ ጽዳት ባለሙያ) ፈቃዷን ለማደስ በየ2 ዓመቱ የ25 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድ አለባት። ቀረጻ እያዩ ለብቻ የሚማሩት ከግማሹ አይበልጥም።

ለኢንፌክሽን ቁጥጥርና ለሙያው ሕግ ኦንላይኑ ይበቃል። ልጆች ከተኙ በኋላ ሻይ ይዞ መማር ይቻላል።

የሥራ መሣሪያን ስለት መሳል ግን ሌላ ነገር ነው። የኩሬቱ (የጥርስ መፋቂያው) ፊትና የመሳያው ድንጋይ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ መገናኘት አለባቸው። ቪዲዮው ይህን ይነግርሻል፤ እጅሽ ሲያጋድል ግን አያይሽም። አስተማሪዋ የእጅሽን አንጓ ይዛ ትንሽ ስታቃናው፣ ያኔ ይገባሻል። ዱልዱም መሣሪያ ታርታሩን (ጥርስ ላይ የጠጠረውን ቆሻሻ) አያነሳውም፣ ላዩን አለስልሶት ያልፋል። ታካሚውም ያመዋል። እኔ ብሆን ቅዳሜዬንም ገንዘቤንም ለእጅ ሥራው ነው የማውለው።