ኦሲአይ-አር መጠይቅ ድሬዳዋ ላይ ሲሞላ

ሳይጠሩት እየመጣ አልሄድ የሚል ሐሳብን ለመለካት ኦሲአይ-አር ጥሩ መነሻ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የአንድ ገጽ መጠይቅ ሲሆን 18 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሞላል፣ ድምሩ ከ72 ነው። 21 ከደረሰ ለኦሲዲ፣ ማለትም አልሄድ በሚል ሐሳብና በሚደጋገም ድርጊት ለሚታወቀው ሕመም፣ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረጋል። ስለ ሐሳብ በቀጥታ የሚጠይቁት ግን 6ኛው፣ 12ኛውና 18ኛው ብቻ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አሞላሉ ነው። ወረቀቱ የሚጠይቀው ነገሩ ባለፈው ወር ምን ያህል እንዳስጨነቀ ነው፤ ሰው ግን ስንት ጊዜ እንደመጣበት ይቆጥራል። «ልጄን ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ በሳምንት አንዴ የመጣባት አራስ «አልፎ አልፎ ነው» ብላ 1 ታከብባለች። ሕፃኑን ታቅፋ ደረጃ መውጣት ከተወች ግን መልሷ 3 ወይም 4 ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አብሮ ማንበብ ይሻላል፤ ያውም በ«አንተ» እና በ«አንቺ»። የድሬ ሰው «እርስዎ» ሲባል ቢሮ የገባ ይመስለዋል፣ ይቆጠባል። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ጠዋት ይሙላ፤ በምርቃና ሰዓት ሐሳብ ሁሉ ይሮጣል።

ውዱኡን (ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት) አምስት ስድስቴ የሚደግም ሰው በእጥበት ጥያቄዎቹ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ መቆሸሽ ነው፣ የእሱ ግን «ክርኔን አዳርሻለሁ?» የሚል ወስዋስ ነው። 2ኛውን፣ ደጋግሞ የማረጋገጡን ጥያቄ፣ በዚሁ ምሳሌ አስረዱት። ዕቃ ስለማከማቸት የሚጠይቁትን 1ኛ፣ 7ኛና 13ኛ ለብቻ ደምሩ። ውኃ ስለሚጠፋ ቤቱን በጀሪካን የሞላ ሰው ታማሚ አይደለም፤ ማከማቸት ራሱም ከ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ፣ ዲኤስኤም-5፣ ወዲህ የተለየ ሕመም ሆኗል።

ትልቁ ጉድለቱ ሕመምን ከሕመም አለመለየቱ ነው። ስለ ሐሳብ በሚጠይቁት ሦስቱ ጥያቄዎች ከ12 ዘጠኝ ያመጣ ሰው ኦሲዲ፣ ድብርት ወይም የአደጋ ትዝታ ሊኖርበት ይችላል። «የሚመጣብህ በፊት የደረሰብህ ነገር ነው ወይስ እንዳይሆን የምትፈራው?» ብላችሁ ጠይቁ። የደረሰበት ከሆነ የአደጋ ትዝታ መጠይቁ ፒሲኤል-5 ይሞላ፤ 20 ጥያቄ ነው፣ ከ31 እስከ 33 ሲደርስ ያሳስባል። ያለፈ ጥፋትን እያነሱ መብሰልሰል ከሆነ የድብርት መጠይቁ ፒኤችኪው-9 ይምጣ። «ሰይጣን ነው» ማለት ብቻውን የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመራቅ ሕመም) ምልክት አይደለም፤ ሐሳቡን የራሱ አድርጎ ያየው እንደሆነ ጠይቁት።

በፒኤችኪው-9 ላይ ድምሩን አትጠብቁ። ስለ ሞት የሚጠይቀው 9ኛው ላይ 1 እንኳ ከተከበበ፣ ሰውየው ከክፍሉ ሳይወጣ ስለ ዕቅዱ ይጠየቃል።