ቪትዜን ከሞተር ማውረድ ያዳኑልኝ የቄራው ኤሌትሪሺያን

እኔ የመኪና ሰው አይደለሁም። ነዳጅ እሞላለሁ፣ ጎማ አስነፋለሁ፣ ጊዜው ሲደርስ ዘይት አስቀይራለሁ። እውቀቴ ከዚህ አያልፍም። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ኮፈን ከፍተው፣ ትንሽ አፍጥጠው፣ መልሰው ለሚዘጉ ሰዎች ነው። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። ነገ ዛሬ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሞላኝ፣ ከነከነኝ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ሁለተኛው ሞዴል፣ ያቺ ባለ 1000 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደሯ። የነዳት ሰው ያውቃል፣ የሙቀት መለኪያ ቀስት የላትም። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ መብራት ታበራለች፣ ሞተሩ ሲሟሟቅ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ቀጥሎ የምታዩት ቀዩን ነው። ቀዩ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የሚነግራችሁ።

ባለፈው ጥቅምት ላይ፣ ከሜክሲኮ ወደ አያት ስሄድ መገናኛ ላይ ተያዝኩ። የማታውን ትራፊክ ታውቁታላችሁ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሃምሳ ሜትር አልሄድኩም። ቀዩ በራ። ወዲያው ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ዳር ይዤ ወረድኩና የራዲያተሩን (የሞተሩ ውሃ የሚቀዘቅዝበትን ዕቃ) ክዳን ልከፍት እጄን ስዘረጋ አንድ የታክሲ ረዳት "እህቴ፣ እንዳትነኪው! ይብረድ!" ብሎ ጮኸ። እሱንም እግዜር ይስጠው። በትኩሱ ብከፍተው ኖሮ የፈላው ውሃ ፊቴ ላይ ነበር የሚያርፈው።

በማግስቱ ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ሁለት ደቂቃ ቆሞ አየ። "ፋኑ አይነሳም። ዳይሬክት እናርገው" አለኝ። ፋን የሚሉት ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ነው። ዳይሬክት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ከተሠራ በኋላ ነው። የፋኑን ሽቦ ቆርጦ ከባትሪ ጋር አገናኘው፣ ከመሪው ስር አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ለጠፈልኝ። "ስትነሺ አብሪው፣ ስትቆሚ አጥፊው" አለኝ። የጎደለውን ውሃም ከቧንቧ ሞላልኝ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ሄድኩ።

ስምንት ወር እንደዚያ ነዳሁ። መኪናዋ ከተነሳችበት ደቂቃ ጀምሮ እንደ አውሮፕላን ትጮሃለች። ጠዋት ሰማያዊው መብራት አልጠፋ ይላል። አንድ ማታ ማጥፋቱን ረስቼ ገባሁ፣ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ጎረቤት ገፍቶ ሊያስነሳት ሞከረ። አውቶማቲክ መሆኗን የነገርኩት ላብ በላብ ከሆነ በኋላ ነው። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ሰኔ ላይ ቀዩ ተመልሶ መጣ። አሁን ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ጠጋ ብለው እንኳ ሳያዩ "ቴስታታ ነው፣ ጓርኒሲዮን አቃጥላለች። ሞተር ይወርዳል" አሉኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከስሩ ያለው ማሸጊያ። 45,000 ብር፣ አሥር ቀን። የዚያን ቀን ቢሮ ተመልሼ ምሳ አልበላሁም።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ያተረፈችኝ። "ከመፈታቷ በፊት ቄራ ያሉት ጋሼ ይዩልሽ" አለችኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ጽሁፉን እንደምለጥፍ ስነግራቸው "ስልኬን በትነሽ ሥራ እንዳታስፈቺኝ" ብለውኛል። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ የመኪና ኤሌትሪሺያን ናቸው።

እንደ ሌሎቹ ኮፈኑን ዘለው አልከፈቱም። ጥያቄ ነው የጀመሩት። "ልጄ፣ ቆመሽ ነው ወይስ እየሄድሽ ነው የሚሞቅብሽ?"

አስቤው አላውቅም ነበር። ሳስበው ሁሌም ቆሜ ነው። መገናኛ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ መብራት ላይ። ቀለበት መንገድ ላይ ስለቀው ምንም የለም። አዳማ እንኳ ደርሼ ተመልሻለሁ።

"እንግዲያው ፋን ነው የምንጠረጥረው" አሉ። ስትሄጂ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ፋን አያስፈልግሽም። ስትቆሚ ግን ከፋኑ በቀር ነፋስ የሚሰጠው የለም። ተገላቢጦሽ ሆኖ ስትፈጥኚ ወይም ዳገት ላይ ቢሞቅብሽ ኖሮ የተደፈነ ራዲያተር፣ ያልተከፈተ ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር)፣ የውሃ ፓምፕ እንል ነበር። ይህቺ አንድ ጥያቄ ብቻዋን 45,000 ብር ታወጣለች።

ቴስታታውን ግን ዝም ብለው አላለፉትም። የዘይቱን መሙያ ከፈቱና ክዳኑን ገልብጠው አሳዩኝ። "ውሃ ከዘይት ተቀላቅሎ ቢሆን ማኪያቶ ይመስል ነበር። ይኸው ጥቁር ነው።" ሞተሩ በርዶ ስለነበር የራዲያተሩንም ክዳን ከፍተው አስነሱት። አረፋ እየገፋ የሚወጣ ነገር የለም። ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ የለም። "ሞተርሽን ማንም አይንካው" አሉኝ። አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ነጠላዬን እንድጠቀልል አዘዙኝ። አንዳንድ መኪና ላይ ሞተሩ ጠፍቶም ፋኑ ድንገት ሊነሳ ይችላል፣ ጣትም ነጠላም አይምርም። ያቺን ማብሪያ ሲያዩ ግን ሳቃቸው ጠፋ። ሽቦውን በጣታቸው ተከትለው እስከ ባትሪው ሄዱ። "ፊውዝ የለውም" አሉ ቀስ ብለው። ያ ቀጭን ሽቦ አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር አልነበረም። መኪናዋ ትነድ ነበር። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ልጄን ከኋላ ጭኜ ነው የነዳሁት።

ማብሪያውን አበሩ፣ ፋኑ ዝም። የመሞከሪያ አምፖላቸውን ሶኬቱ ላይ ሰኩ፣ ቦግ ብሎ በራ። ስለዚህ ኤሌትሪኩ ፋኑ ጋ ይደርሳል፣ ግራውንዱም (ኤሌትሪኩ የሚመለስበት መስመር) ደህና ነው። ቀጥለው በጠመንጃ መፍቻው እጀታ የፋኑን ሞተር ጀርባ ኳ፣ ኳ አደረጉት። ፋኑ ተነሳ! ሦስት ሰከንድ ዞሮ ቆመ። "ካርቦኑ አልቋል" አሉ። ውስጡ ያለው ካርቦን እየተፋቀ ያልቃል፣ ሲመታ ለቅጽበት ይነካና ይዞራል። መኪናው ሲፈልግ ብቻ መነሳት ያለበት ፋን ስምንት ወር ያለ እረፍት ሲሽከረከር ከርሞ ነው ያለቀው።

እኔ በዚህ ያበቃ መሰለኝ። ጋሼ ግን "መጀመሪያስ ለምን ዳይሬክት አደረጉት?" ብለው ቆሙ። ሌላው ሰው ቢሆን የፋኑን ሞተር ቀይሮ ብሩን ይቀበል ነበር።

የተቆረጠውን ሽቦ እንደ ድሮው መልሰው አገናኙት። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦርጅናል የፋን ሞተር አስመጡ። ከመክፈሌ በፊት ባትሪ ላይ ሞከሩት። ከገጠሙት በኋላ ሞተሩን አስነስተው ኤሲ እንድከፍት ነገሩኝ። ከፈትኩ። ፋኑ ወዲያው ተነሳ። ኤሲ ሲከፈት ፋኑ ከተነሳ ፊውዙም፣ ሪሌውም (ለፋኑ ኤሌትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው)፣ ሽቦውም ሰላም ነው ማለት ነው፤ የሚቀረው የሙቀት ሴንሰሩ ነው። እሱንም ስልካቸው ላይ በሚያነብ ትንሽ መሣሪያ አዩት። ኤሲውን ዘግተን ቁጥሩ ሲወጣ አብረን ጠበቅን። 85፣ 90፣ 94። ወደ 96 ሲጠጋ ፋኑ በራሱ ተነሳ። 90 ላይ ሲወርድ ጠፋ። ምንም አልተበላሸም ነበር! ያ ልጅ የቀዘቀዘ ሞተር አስነስቶ፣ ሁለት ደቂቃ አይቶ ነው "ፋኑ አይነሳም" ያለኝ። በሁለት ደቂቃማ የማንም መኪና ፋን አይነሳም።

ታዲያ መገናኛ ላይ ምን ነበር ያፈላት? የራዲያተሩን ክዳን ገልብጠው አሳዩኝ። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። እዚህ ላይ ያሉኝን ነገር ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነው። "ንፍሮ እዚህና ድሬዳዋ እኩል ጊዜ ይፈጃል?" አሉኝ። አይፈጅም። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 100 ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ይፈላል። የመኪናዋ ፋን ደግሞ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከል ያለውን የሚይዘው ያ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 1.1 ተብሎ የተጻፈው የሚይዘው ግፊት ነው። ልክ እንደ ፕሬዠር ኩከር ውሃውን አምቆ እስከ 110 እና ከዚያ በላይ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ክዳኑ ሲያፈስ ግን ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል፣ ይተናል። ውሃው ሲጎድል ሴንሰሩ እንፋሎት ውስጥ ይቀርና ትክክለኛውን ሙቀት አያነብም። ፋኑም ጭራሽ አይጠራም። አንድ ክዳን! ስምንት ወር የጮኸችብኝ፣ ሞተር ሊወርድላት የነበረው በአንድ ክዳን ነው።

ክዳኑን በአዲስ ቀየሩ። የቧንቧውን ውሃ ደፉት፣ ዝገት የመሰለ ነገር ነው የወጣው፣ በኩላንት፣ ለራዲያተር በተሠራው ፈሳሽ፣ ተኩት። በመጨረሻ ሶፍት ቀድደው ከራዲያተሩ ፊት ያዙ። ሶፍቱ ሄዶ ልጥፍ አለ። ሽቦው ተገላብጦ ቢገጠም ፋኑ ነፋሱን ወደ ፊት ይገፋል እንጂ ወደ ሞተሩ አይስብም። ይሄኛውን እናንተም ቤት ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ከጣት ይልቅ በሶፍት።

ለእጃቸው 1,000 ብር ነው የተቀበሉት። ጨምሬ ብሰጥ "አስቀምጪው፣ ነገ ባትሪ ትቀይሪበታለሽ" ብለው መለሱልኝ። የወጣውን የፋን ሞተር፣ ክዳኑንና ያቺን ማብሪያ በላስቲክ ቋጥረው አስረከቡኝ። ይኸው ሦስት ሳምንቴ ነው። መገናኛ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆሜ አውቃለሁ፣ ፋኑ ይነሳል፣ ይጠፋል። ቀዩን አላየሁትም።

እንከን የለባቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም። ወር በገባ በ21 ጠዋት ማርያም ናቸው፣ አትልፉ። ሰው ይበዛል፣ ወረፋ ነው፣ ሌላ ሰው ጀምሮ ያበላሸውን ይዛችሁ ስትመጡ ይነጫነጫሉ። የኤሌትሪክ እንጂ የሞተር ሥራ አይነኩም፣ ካገኙም ለሚያምኑት ሰው ይልኳችኋል። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ምልክቱን እነግራችኋለሁ።

ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ በርዶ እንዲያገኙት። ካልበረደ ኮፈኑን አይከፍቱም፣ "ሻይ ጠጡና ኑ" ይሏችኋል። ሻይዋን የምታፈላው ልጅ በራቸው ላይ ናት፣ ዝንጅብል አታሳንስም።