ክረምት ሳይገባ ሣራችንን ላተረፉልን ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ልጽፈው እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ጥቅምት ገባ። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ሣሩን አየሁትና በራሴ አፈርኩ። ሰው እንዲህ ያለ ውለታ ውሎልኝ እንዴት ዝም እላለሁ?

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ ሣር ያላችሁ፣ ካፌ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የምታስተዳድሩ፣ እስቲ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ።

እኛ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችን። ሣሩ 240 ካሬ ገደማ ቢሆን ነው። ግን የቤታችን ገበያ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጥር ላይ ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ ከጥምቀተ ባሕሩ ደክሞት ሲመለስ ጫማውን አውልቆ የሚዘረጋው እዚያ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ይመጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ጄኔሬተር የጫነ መኪና ሳይቀር ገብቶበት ያውቃል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ዙር ሠርግ አለ። ሚያዝያ ሲያልቅ መሐሉ ራሰ በራ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ፣ መሬቱ ሲረገጥ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ነበር።

አምናም እንዲሁ ነበር። አምና አንድ ሰው አሠራሁ፤ ማንነቱን አልጽፍም። መጣ፣ ሣሩን እስከ መሬቱ ላጨው፣ ዩሪያ በእፍኝ በእፍኝ በተነበት፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ዩሪያ ግማሽ ለግማሽ የሚጠጋው፣ 46 በመቶው፣ ናይትሮጅን መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። እፍኙ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ተቃጥሎ ቡናማ ክብ ክብ ሆነ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ውሃው ተኛበት። ነሐሴ ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። ሽታውን እስካሁን አልረሳውም።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ናት ስለ ጋሼ የነገረችኝ። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ራሳቸው «ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪው» ስላሉኝ ነው። አዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲንከባከቡ ዘመናቸውን አሳልፈው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው።

የመጡ ቀን ማጭድም አካፋም አልያዙም። የወጥ ቤት ቢላ ስጪኝ አሉኝ። ራሰ በራው ጫፍ ላይ ተንበርክከው ሣሩን በአራት ማዕዘን ቆረጡና እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ አነሡት። ገልብጠው አሳዩኝ። ሥሩ ሁለት ጣት አይሞላም። ከሥሩ በታች ያለው አፈር ግራጫ ነው፤ አፍንጫዬ ሥር ሲያስጠጉት የአምናው ሽታ መጣ። ከዚያ ማንም የማይረግጠው አጥር ሥር ሄደው ሌላ ቁራሽ አወጡ። የዚህኛው ሥር ስንዝር ያህል ወርዷል፤ ነጭ ነው፤ ጠረኑም የዝናብ አፈር ነው።

«አየሽ ልጄ፣ ሣሩ አልተራበም። ታፍኗል» አሉኝ።

የእኛ ግቢ አፈር ዋልካ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ ሰውና መኪና ሲመላለስበት ይጠቀጠቅና አየር ማለፊያ ያጣል። ሥር ደግሞ እንደኛው አየር ይፈልጋል። እንግዲህ እኔ አምና ሲታፈን ለኖረ ሣር ማዳበሪያ ሳስጨምርበት ነበር ማለት ነው።

አዲስ ሣር ገዝቼ ላስተክል ገንዘብ አዘጋጅቼ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ እያለው ይቀበለኛል። ጋሼ ግን አይሆንም አሉ። ሰርዶ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም፣ አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው እኮ መብቀሉን ስለምታውቅ ነው አሉኝ። ያን ቀን ያዳኑልኝ ገንዘብ ለሥራው በሙሉ ከከፈልኳቸው ይበልጣል።

ለምን ግንቦት ላይ እንደሚቸኩሉ ስጠይቃቸው ስለ ጎልፍ ሜዳ አጫወቱኝ። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ግሪን ይባላል። ሣሩ የሚታጨደው ሦስት አራት ሚሊ ሜትር እስኪቀር ነው፤ ስለዚህ ሕመሙ ወዲያው ይታያል። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ግሪኑን የሚያክሙት ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው። ሣሩ ገና እያደገ ሳለ መሬቱን ይበሱታል፤ ቀዳዳው እስኪዘጋ ጊዜ እንዲኖረው። የአጨዳውን ቁመት ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ። ናይትሮጅን መጨረሻ ላይ አያበዙም፤ ለጋ ቅጠል በረዶ ሥር ለሻጋታ ይዳረጋል። «የኛ ክረምት እንዲያ መሬት ሸፍኖ የሚቆይ በረዶ የለውም፣ ውሃ ነው ያለው» አልኳቸው። «ልክ ነሽ፤ ግን ያም ሆነ ይህ ሣሩ መከራው ሳይመጣ ሥር መስደድ አለበት» አሉ።

ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ፤ እሳቸውና ሁለት ወጣቶች። ባለ 12 ፌሮ አሹለው፣ መያዣ አበይደው፣ መሬቱን በየአንድ ስንዝሩ በሱት። ራሰ በራው ላይ ደግሞ የዚያን ግማሽ አጠጋግተው። አሥር ሴንቲ ያህል ይገባል። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ መጀመሪያ ላይ ድንጋይ የሚወጉ ነበር የሚመስለው።

አሸዋውን ያመጣው ልጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተመልሷል። ጋሼ ከአሸዋው እፍኝ ወስደው ሃይላንድ ውስጥ ከተቱ፣ ውሃ ሞልተው ናጡት፣ ግንቡ ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ውሃው ደፍርሶ ቀረ። «ይህ ግማሹ ጭቃ ነው፤ የበሳነውን መልሶ ይደፍነዋል» ብለው አሰናበቱት። በማግስቱ የመጣው ታጥቦ ስለነበር ውሃው ቶሎ ጠራ። አምስት ሚሊ ውፍረት ለ240 ካሬ 1.2 ሜትር ኩብ ይበቃል ብለው በቃላቸው አሰሉልኝና ከዚያ በላይ እንዳልገዛ ከለከሉኝ። አሸዋው በደንብ ከበሰበሰ ፋንድያ ጋር ተደባልቆ በመጥረጊያ ወደ ቀዳዳው ተጠረገ። እኔ ሞኝ፣ ከአፈሩ ጋር ለምን አናቦካውም ብዬ ነበር። ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ካቦካሽበት ጡብ ነው የሚሆንልሽ፣ ቀዳዳው ውስጥ ብቻ ይግባ አሉኝ።

ሁለት ክረምት ሙሉ ሳላየው የኖርኩትን ነገርም ያገኙት እሳቸው ናቸው። የጣራው አሸንዳ የሚፈሰው ቀጥታ ሣሩ ላይ ነበር! ቧንቧውን አዙረው ወደ በርሜል አስገቡት፤ የሚተርፈው ደግሞ ጠጠር በተሞላ ቦይ ወደ ታች እንዲወጣ አደረጉ። አሁን የበርሜሉ ውሃ ለአበቦቹ ሆኖኛል።

ዋንዛው ሥር ያለውን ቦታ ግን አይሆንም ብለው ተዉት። ሰርዶ ጥላ አይወድም። ገንዘብሽን አታባክኚ ብለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉበት። ቡና የምናፈላው አሁን እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጋሼ ቀላል ሰው አይደሉም። ሣሩን አምስት ሳምንት ማንም እንዳይረግጠው ገመድ አሠሩበት። ከሰኔ ጾም በፊት የነበሩ ሁለት የሠርግ ጥያቄዎችን መለስኩ። በጣም ከብዶኝ ነበር። ለምኛቸው ነበር፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ብዬ። እምቢ አሉ። እሺ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

የልጄንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሥራቸውን ሲያይ ከሥራቸው አልጠፋ ሲል አላባረሩትም። ሲታጨድ ከቁመቱ ሢሶው ብቻ እንደሚቆረጥ፣ ሲጠጣ ጠዋት እንደሆነ አስተማሩት፤ ማታ ከጠጣ ቅጠሉ እርጥብ እንደሆነ ያድርና ሻጋታ ይይዘዋል። አሁን ማታ ጎማ ይዤ ብታየኝ የሚቆጣኝ እሱ ነው።

ሐምሌ ላይ ያን ሁሉ ዝናብ ሲያወርደው መስኮት ላይ ቆሜ ውሃው ይተኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አልተኛም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወጥቼ ስረግጠው ጫማዬ ደረቅ ነበር ማለት ይቻላል። ነሐሴ ላይ ራሰ በራው ከዳር ወደ መሐል እየተሸፈነ መጣ። የሰርዶው ሐረግ በየአንጓው ሥር እየጣለ ሲሄድ ልጄ በክር ይለካው ነበር። ለእንቁጣጣሽ የሰፈሩ ሴት ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ የቆሙት እዚያው መሐሉ ላይ ነው፤ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ጨፈረች። ጋሼ በዓሉን ሊጠይቁን መጥተው ያን አዩ። ምንም አላሉም፤ ጎንበስ ብለው ሣሩን በእጃቸው ደባበሱት።

ጋሽዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ልጅዎ እንዳነበበልዎት ይንገረኝ።

ለጥር እንግዳ የምትጠብቁ፣ ሣራችሁ የታመመባችሁ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸው አንዴ ይዩላችሁ። በቀን ሒሳብ ነው የሚሠሩት፤ ለማየት ብቻ ከመጡ አያስከፍሉም። ትልቁን የመብሳት ሥራ አሁን አይጀምሩላችሁም፤ በጋው ደርቆ ሳለ አይሆንም፣ ለሚያዝያ መጨረሻ ቀጠሮ ያዙ ነው የሚሉት። ውሃ መውረጃውንና አጨዳውን ግን አሁንም ያስተካክሉላችኋል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ሣሩን በዓይኔ ካላየሁ የሚል ካለም ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ይበል፤ ዋንዛው ሥር ቡና አለ።