በሃይላንድ የሚዞር «በረኪና» አትግዙ

የደሴ ሰዎች፣ በተለይ ሸዋ በር አካባቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን አንብቧት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ጋሪ እየገፋ በራችን ድረስ መጣ። «ኦሪጂናል በረኪና ነው፣ በቀጥታ ከፋብሪካ» አለኝ። በሃይላንድ የተሞላ፣ ምንም ጽሁፍ የሌለው። ከሱቁ በግማሽ ዋጋ ስለሆነ 2 ሊትር ገዛሁ። ክዳኑን ስከፍተው የለመድኩት የበረኪና ሽታ አልነበረውም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እናቴ ሽንት ቤቱን በድሮው በረኪና ረጭታ እያሸች ነበር። እኔ አዲሱን ከላይ ደፋሁበት። ሲሚንቶው ቸስስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ወዲያው ጉሮሮ የሚሰነጥቅ ሽታ ተነሳ። ዓይኔ አነባ፣ ደረቴ ተያዘ። እናቴን ጎትቼ ግቢ አወጣኋት። «አብሽር የኔ ልጅ» ትለኛለች፣ እሷ ግን ሳሉ አላስተነፍስ ብሏታል። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደርጎላት ነው የተመለሰችው።

የተሸጠልኝ አሲድ ነው። በረኪና ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ሲሚንቶ ላይ አይፈላም። አሲድ ግን ሲሚንቶም ኖራም ሲነካ ይፈላል። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደር የፈጀው ጋዝ ይኸው ነው። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይተኛል። ጎንበስ ብሎ የሚያጸዳ ሰውና ሕፃን ቀድመው ይስቡታል። እናቴን ከእኔ ይበልጥ የጎዳትም ለዚህ ይመስለኛል።

የባትሪ አሲድና ኮስቲክ ሶዳም በሃይላንድ ሲሸጡ አይቻለሁ። ኮስቲክ ሶዳን «አሲድ አይደለም» ብላችሁ አትናቁት። ስብን ሳሙና የሚያደርገው እሱ ነው፣ ቆዳንም እንደዚያው እየሟሟ ወደ ውስጥ ይገባል። የተጠማ ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ካየ ውሃ ነው ብሎ ያነሳዋል።

ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በብዙ ውሃ እጠቡ። ሎሚ፣ ወተት ምናምን አትቀቡ። የጠጣ ሰው ካለ እንዳታስመልሱት፣ ሲወጣም ያቃጥለዋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ከዚህ ልጅ የገዛችሁ ካላችሁ አታሽትቱት፣ ከምንም ጋር አትቀላቅሉት። ክዳኑን አጥብቃችሁ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ትናንት ሆጤ በኩል ሲዞር አይተውታል።