ልጆቼን ይዤ የሄድኩባት የቤተሰብ ምክር ቢሮ፣ አራት ኪሎ (ከ5 ኮከብ 4)

መጀመሪያ መጥፎውን ልናገርና ይውጣልኝ። ቢሮዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ሊፍት የለም (የሊፍቱ ቦታ አለ፣ ሊፍቱ ነው የሌለው)፣ ፓርኪንግ አታስቡት፣ አራት ኪሎ ኮሪደሩ ከተሰራ ወዲህ እንኳን ማቆም ቀዝቀዝ ማለትም ያስፈራል፣ በታክሲ ሂዱ። የ9 ሰዓት ቀጠሮ ይዘን 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የገባነው። ሁለት ልጅ ይዞ አግዳሚ ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ።

ለምን ሄድን? ትንሿ እህቴ ከኛ ጋ ነው የምትኖረው፣ ኢቲንግ ዲስኦርደር (ከምግብ ጋ የሚያጣላ የአእምሮ ህመም) አለባት፣ አኖሬክሲያ የሚባለው፣ እወፍራለሁ በሚል ፍርሃት ራስን የሚያስርበው። የራሷ ሐኪም አላት፣ ስለሷ ህክምና አላወራም፣ ይቺንም ራሱ አስነብቤያት ነው የለጠፍኩት። የኔ ጭንቀት ልጆቹ ነበሩ፣ ወንዱ 6 ሴቷ 10 ዓመቷ ነው። እኛ ትልልቆቹ ልጅ ምን ያውቃል ብለን ዝም ስንል እነሱ ለካ ምርመራቸውን ጨርሰዋል። ትንሹ አንድ ማታ ገላውን ሳጥበው "እማ፣ አክስቴን ቡዳ በልቷት ነው?" አለኝ። ከማን እንደሰማ አውቃለሁ ግን እናቴን የምወቅስበት ጊዜ አልነበረም። ትልቋ ደግሞ ብሳ ተገኘች፣ ቦርሳዋን ሳጥብ ሶፍት የተጠቀለለ የሻገተ እንጀራ አገኘሁ፣ አንድ ቀን አይደለም የብዙ ቀን ነው፣ ለምን ስላት "እኔ ብዙ ስበላ አክስቴ ይከፋታል" አለችኝ። በማግስቱ ነው የደወልኩት።

ባለሙያዋ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ነጠላቸውን ወንበር ላይ አድርገው ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋ ቁጭ አሉ። ስለ በሽታ ይጀምራሉ ስል ትንሹን "ታክሲ ትሳፈራለህ?" አሉት። አዎ። "ረዳቱ ምን ይላል?" ልጄ ብድግ ብሎ "ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ!" "ሲሞላስ?" "ሞልቷል፣ ሳበው!"

"እሺ፣ አሁን አንድ ውሸታም ረዳት አስብ። ታክሲው ባዶ ነው፣ አንድ ሰው አልገባም፣ እሱ ግን ሞልቷል ሞልቷል እያለ በሩን ይዘጋል። አክስትህ ጭንቅላት ውስጥ እንደሱ አይነት ረዳት ገብቷል። ሆዷ ባዶ ሲሆን ሞልተሻል ይላታል፣ ድምጹ ደግሞ በጣም ትልቅ ነው፣ የኛን ድምጽ ያስጥላታል።"

"ይውረዳ!" አለ ልጄ።

"ይወርዳል፣ ግን ቀስ እያለ ነው። የሚያወርዱት እሷና ሐኪሞቿ ናቸው፣ ቤት ያሉት ትልልቆች ያግዟታል። አንተ ትራፊክ አይደለህም፣ አንተ ጎኗ የምትቀመጥ ተሳፋሪ ነህ።"

እዚህ ጋ ትልቋ አለቀሰች። አክስቷ በቀን ስንት ጉርሻ እንደጎረሰች የሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ላይ ስትመዘግብ ነበር ለካ፣ ማንም ሳያዛት፣ እኔም አላየሁም። ሴትዮዋ ደብተሩን አምጪ ምናምን አላሉም፣ "በጣም ደክሞሻል አይደል የኔ ቆንጆ፣ ከዛሬ ጀምሮ መቁጠሩ የእማዬ ስራ ነው" ብቻ ነው ያሏት። እኔም ልቀልጥ ደረስኩ።

ከዛ ጥያቄ አዘነቡባቸው። ይጋባል ወይ? አይጋባም። እኔ ስላናደድኳት ነው? አይደለም፣ ማንም አላመጣባትም። ትሞታለች ወይ? እዚህ ላይ አልዋሹም፣ ከባድ በሽታ ነው ለዛ ነው ሐኪም የሚከታተላት፣ የሚድን ብዙ ነው፣ ጊዜ ግን ይወስዳል አሉ። ራሷን ስታ ብትወድቅ ወይ ደረቴን ካለች ሮጦ ለትልቅ ሰው መንገር ማሳበቅ እንዳልሆነም ሁለት ሶስቴ አስደገሟቸው። ይሄ ለኔም ትልቅ እረፍት ነው።

ትልቋ የጠየቀችው አንድ ነገር ግን እኔንም ሲያቃጥለኝ የኖረ ነው። አክስቴ ድፎ ትጋግርልናለች፣ ቀኑን ሙሉ የምግብ ቪዲዮ ታያለች፣ ለምንድነው ራሷ የማትቀምሰው? እኔ በሆዴ እልህ ነው እል ነበር። ባለሙያዋ ግን በፈረንጅ 1944 እና 45 አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች ፈቅደው ለስድስት ወር ገደማ በግማሽ ሆድ እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር፣ ሰዎቹ ሌላ ሐሳብ ጠፋባቸው፣ ስለ ምግብ ማውራት፣ የምግብ አሰራር መጽሐፍ ማንበብ ሆነ ስራቸው አሉን። የተራበ ጭንቅላት ምግብ ላይ ይለጠፋል። እህቴ እልኸኛ አይደለችም፣ ተርባለች ማለት ነው። መኪና እንኳን የለኝም ታክሲ ውስጥ ነው ያለቀስኩት።

ጾምም ተነሳ፣ ልጆቹ ሁዳዴን አይተው "ጾም ነው እንዴ?" ብለው ነበራ። "ጾም መፍቻ ሰዓት አለው፣ መፍቻ ቀን አለው፣ ሲፈታ አብረን እንበላለን፣ የአክስታችሁ ግን መፍቻ የለውም" አሏቸው፣ አለቀ። (የነፍስ አባቷም ታማሚ አትጾምም ብለዋታል፣ ረዳቱ ነው እንጂ እሷማ ትሰማ ነበር።)

ለኔ የሰጡኝ የቤት ስራ ከልጆቹ ይከብዳል። ከሳሽ አይባልም፣ እሺ እሱን አውቃለሁ፣ "ተመችቶሻል"ም አይባልም ሲሉኝ ደነገጥኩ፣ ደግ ቃል መስሎኝ በሳምንት ሶስቴ እላት ነበር እኮ! ረዳቱ "ወፈርሽ" ብሎ ነው የሚተረጉምላት። ማዕድ ላይ ስለ ምግብ አይወራም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ኳስ፣ የጎረቤት ድመት ይወራ። ይሄ የቲክቶክ በሽታ ነው ለሚሉኝ ዘመዶች ደግሞ መልስ አገኘሁ፣ በፈረንጅ 1873 ለንደንና ፓሪስ ያሉ ሐኪሞች ጽፈውበታል፣ ያኔ ምን ቲክቶክ ነበረ።

ያልወደድኩት ሌላው ነገር ለልጆች የሚያሳዩት ካርድ ነው። የፈረንጅ ነው በሙሉ፣ ብሮኮሊ፣ ፓንኬክ፣ ልጄ ብሮኮሊውን "ዛፍ" ነው ያለው። ሽሮና ፍርፍር ስሎ ማተም ይሄን ያህል ይከብዳል? አንድ ሴሽን 1,500 ብር ነው፣ ለአንድ ሰውም ለቤተሰብም እኩል፣ ስለዚህ ሁላችሁም ሂዱ። ህክምና ግን አይሰጡም፣ የደምና የልብ ምርመራ ሆስፒታል ነው ብለው መጀመሪያውኑ ይነግሯችኋል፣ ይሄን ወድጄላቸዋለሁ።

አሁን ሁለት ወር ሆነን። እንጀራ ቦርሳ ውስጥ አላገኘሁም። ትንሹ ባለፈው ሳምንት እራት ላይ አክስቱ ሳህኗን ገፋ ስታደርግ ጠጋ ብሎ "ረዳቱ ነው አ?" አላት በሹክሹክታ፣ እሷም "እሱ ነው" አለችው፣ ከዛ ስለ ድመቷ ማውራት ቀጠሉ። ሁለት ጉርሻ ጨመረች። እኔ አልቆጠርኩም እንዳልል ቆጥሬያለሁ።

ቀጣዩ ቀጠሮ ከእናቴ ጋ ነው። መጀመሪያ "አማኑኤል ልትወስጂኝ ነው?" ብላ ተቆጥታ ነበር፣ አሁን እሺ ብላለች፣ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃኛለች፣ "ሴትዮዋ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ 'በሞቴ' ማለትን ግን አልተውም"። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደማወጣት ነው እኔን የጨነቀኝ።