ችግኝ መትከል ወይስ ጉቶን ማስነሣት?

የተራቆተ ተራራ ለማልበስ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ዝነኛ ነው፣ ሌላው ማንም ፎቶ የማይነሣበት።

ዝነኛው ችግኝ ተከላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዝርያውን መምረጥ ይቻላል፣ ሥርና ጉቶ ጨርሶ በጠፋበት መሬትም ከዚህ የተሻለ አማራጭ ብዙም የለም። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲበረታ ውሃ ማን ያጠጣል? ፍየሉንስ ማን ይመልሳል? የተተከለ ሁሉ ጸደቀ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው፣ መሬቱን ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎ የተቆረጠው ዛፍ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ መርዳት ነው። አርሶ አደሩ ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ጠንካሮቹን ይተዋል፣ የቀሩትን ይመለምላል፤ ምልምሉ ለማገዶ ይሆናል። ሥሩ አስቀድሞ ወደ ታች ስለዘለቀ ድርቅን ከችግኝ ይልቅ ይቋቋማል። በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ ተራራማ መሬት በዋናነት በዚህ መንገድ አገግሟል፤ የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ደኑ ከአየር ለሳበው ካርቦን በዓለም ባንክ ከሚተዳደር ፈንድ ክፍያ አግኝተዋል።

ይሄኛውም ያለ ጣጣ አይደለም። ተራራው ሲዘጋ ከብቱ የት ይግጣል? ሣር አጭዶ መውሰድ ካልተፈቀደ ጎረቤት ያኮርፋል፤ ከለላውም በሌሊት ይጣሳል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በሕይወት ያለ ጉቶ ካለ መጀመሪያ እሱ ይነሣ፤ ችግኙ ባዶ ለቀረው ቦታ ይሁን።